«መቼ ነው የምትጨርሺው?» ላልሽኝ

ይድረስ ለምወዳችሁ ለእማዬ፣ ለአባባና ለማሙሽ
ደሴ

እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግራችሁ አስቤ ነበር። ግን የኛ ስልክ «ሃሎ፣ ይሰማል? ሃሎ!» ላይ ያልቃል። ኔትወርኩ ደህና የሆነ ዕለት ደግሞ እማዬ ታለቅስና እኔንም ታስለቅሰኛለች። ስለዚህ ጻፍኩት። ማሙሽ፣ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ያልጣመህን እየዘለልክ እንዳታነብ፤ አውቅሃለሁ።

እማዬ፣ ባለፈው «መቼ ነው የምትጨርሺው? አብሮ አደጎችሽ እኮ ወልደው ከብደዋል» አልሽኝ። አልተቀየምኩም። ባቡር ላይ ስለነበርኩ በደንብ አልመለስኩልሽም እንጂ። አሁን ቁጭ ብዬ ላስረዳሽ።

አገር ቤት ከ12ኛ ክፍል ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ እዚያው ሕክምና ያጠናል። እዚህ አሜሪካ ግን ሕክምና የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። 4 ዓመት ኮሌጅ፣ ከዚያ 4 ዓመት ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ ሬዚደንሲ የሚባል አለ። እሱ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መማር ነው። የቤተሰብ ሐኪም ለሚሆን 3 ዓመት፣ ለቀዶ ሐኪም 5፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ለሚመርጥ 7 ዓመት ይፈጃል። ሳሎን የሰቀላችሁት፣ ጥቁር ጋዋን የለበስኩበት ፎቶ የመጀመሪያው ኮሌጅ ነው። እማዬ ያኔ ድፎ ደፍተሽ ሰፈሩን ሰብስበሽ «ልጄ ዶክተር ሆነች» ብለሻል አሉ። የጨረስኩት እኮ ባዮሎጂ ነበር! አሁን ሕክምናው ላይ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ስለዚህ እባክሽ፣ እቴቴን እግሯን ባመማት ቁጥር ስልኩን አታቀብያት።

በመሀል ደግሞ ኤምካት የሚባል የመግቢያ ፈተና አለ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ያውላል። ዝቅተኛው ውጤት 472፣ ከፍተኛው 528 ነው። ለምን ከዜሮ እንደማይጀምር እኔንም ይገርመኛል። ለእሱ ያጠናሁት ነርሲንግ ሆም፣ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ማለት ነው፣ የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ነው። አዛውንቶቹን አገላብጬ፣ ዳይፐር ቀይሬ፣ ሁሉም እንቅልፍ ሲወስዳቸው ኮሪደሩ ላይ መጽሐፍ እገልጣለሁ። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ግን የታመመ ሰው እንዴት እንደሚነካ ያስተማረኝ እሱ ነው። ክፍላችን ውስጥ አባታቸውም አያታቸውም ሐኪም የሆኑ ልጆች አሉ። ሰው አጥበው አያውቁም። ያኔ ትንሽ ኮራ እላለሁ፣ ምን ላድርግ።

ትምህርቱ ይከብዳል ስላችሁ የማይገባ ነገር አለ ማለቴ አይደለም። ለብቻው ከወሰዱት ሁሉም ይገባል። የሚያስቸግረው ብዛቱ ነው። የፈሰሰ ጤፍ አንድ በአንድ መልቀም በሉት። ለቅመሽ ሳትጨርሺ ሌላ ይደፋብሻል።

አንድ ነገር ብቻ በቅርበት ላሳያችሁ። አንደኛ ዓመት ላይ የሰው አካል የምናጠናበት ክፍል አለ። እማዬ፣ አትደንግጪ። ሰዎቹ በሕይወት እያሉ «ስሞት ተማሩብኝ» ብለው ፈርመው የሰጡ ናቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ ቤተሰቦቻቸው በተገኙበት መታሰቢያ ይደረግላቸዋል። እኔ በየቀኑ በልቤ «ነፍስ ይማር» ብዬ ነበር የምጀምረው።

አንድ ቀን አንገት ላይ ደረስን። ድምፃችንን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ አለ፣ ቀጭን ነጭ ክር የሚመስል። ወደ ጉሮሮ በአቋራጭ ቢሄድ መንገዱ አጭር ነበር። የግራው ግን መጀመሪያ ደረት ውስጥ ይወርዳል። ከልብ ከሚወጣው ትልቅ የደም ሥር በታች ይዞርና ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ታዲያ ልክ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ያልፋል፤ እንቅርት ከሚወጣበት ዕጢ ማለቴ ነው። በመቆንጠጫ ይዤ ስከተለው አያቴ ትዝ አለችኝ። እንቅርቷን ካስወጣች በኋላ ድምፅዋ ሻክሮ መቅረቱ ትዝ ይላችኋል? «ቡዳ ነው» ያለም ነበር፣ «ብርድ ነው» ያለም ነበር። ያ ክር ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ላይ የሚያጋጥም የታወቀ ነገር ነው። ያኔ ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳን ሰው አልነበረም። እሷም «ድምፄን ወሰዱት» እንዳለች ሄደች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ትምህርት ለምን እንደያዝኩት የሚጠይቀኝ ሲኖር እሱን ነው የማወራው።

በነገራችን ላይ እማዬ፣ ጨው ስትገዢ አዮዲን ያለበት መሆኑን እዪ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፣ ፀሐይ አታስነኪው። ወጡ ላይ የምትጨምሪውም ሊወርድ ሲል ይሁን፤ ብዙ ከፈላ አዮዲኑ ይተናል። ዶክተር አትበሉኝ አልኩ እንጂ ምክር አልከለከልኩም።

አሁን «እንዴት ቻልሽው?» ወደሚለው ልምጣ። ሰው ሁሉ ጀግና ያደርገኛል። ወኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኅዳር ላይ አቁሜ ነበር። ብርዱ ገባ፣ ገና በ11 ሰዓት መጨለም ጀመረ፣ ፈተናው ተደራረበ። ነርሲንግ ልማር፣ ቶሎ ልጨርስ፣ ቤት ልግዛላቸው ማለት ጀምሬ ነበር። ያላቆምኩት አንዲት ናይጄሪያዊት የክፍሌ ልጅ በየማለዳው በሬን ስለምታንኳኳ ነው። ምንም አትለኝም። «ጫማሽን አድርጊ» ብቻ። ላይብረሪ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ ብቻ አንብቤ እመለሳለሁ። ግን እሄዳለሁ።

ሌላም ሰው አለ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን የማውቀው፣ ጥቁር አንበሳ የተማረ፣ አገር ቤት ለዓመታት የሠራ ሐኪም ነው። እዚህ ሲመጣ ያ ሁሉ ልምድ በቀጥታ ወደ ሥራ አያስገባውም። እኔ የምፈተነውን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና እሱም ይፈተናል፣ ከዚያም ሬዚደንሲ ከሀ ብሎ። ቀን ያጠናል፣ ማታ ኡበር ይነዳል። ስንት ሰው ከሞት ያወጣ እጅ መሪ ይዞ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። እሱ ግን አያማርርም። «አንቺ አንዴ ነው የምትማሪው፣ እኔ ሁለቴ» ብሎ ይስቅብኛል። ከእሱ አጠገብ ተቀምጬ ደከመኝ ለማለት አፌ አይደፍርም።

አባባ፣ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ እንደገና እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ። እዚያው ወሎ፣ መቅደላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ያገኙት ሕፃን። ሕንድ ወስደው አሳደጉት፣ ላሆር ሕክምና ተማረ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ አገሩን ፈልጎ መጣ፣ አያቱም በጠባሳው ለየችው። ታሪኩን እወደዋለሁ። ግን እርስዎ ሁልጊዜ የሚያነሱት እኔ ደከመኝ ባልኩ ቁጥር ነው። እሱን እኮ ማንም በቫይበር ደውሎ «ጨረስክ ወይ?» አላለውም! መመለሱን ደግሞ ለምን ጠበቅ አድርገው እንደሚያወሩት ይገባኛል። እሱን አሁን ቃል አልገባም። መጀመሪያ ልጨርስ።

ማሙሽ፣ ላንተም አለኝ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ደብተር ደጋግመህ እያነበብክ «አጠናሁ» አትበል። ማንበብ ያዘናጋል፣ የምታውቅ ያስመስልሃል። ደብተሩን ክደንና ራስህን ጠይቅ። እኔ አንኪ በሚባል አፕ ነው የማጠናው። ጥያቄ ያወጣልሃል፣ አስበህ ትመልሳለህ። ያወቅከው ከቀናት፣ ከዚያ ከሳምንታት፣ ከዚያ ከወራት በኋላ ይመለሳል። የሳትከው ቶሎ ይመጣል። ባቡር ላይ፣ ሩዝ እስኪበስል፣ ሊፍት ስጠብቅ እሱን እነካካለሁ። ክፋቱ አንድ ቀን ከዘለልክ ተጠራቅሞ ይጠብቅሃል። ስልክ ከሌለህ ወረቀት ቆራርጠህ ከፊት ጥያቄ፣ ከኋላ መልስ ጻፍበት። ያው ነው።

ስለ ገንዘብም በግልጽ ልናገር። የምማረው በብድር ነው። ነርሲንግ ሆሙን ከተውኩ ወዲህ ገቢ የለኝም ማለት ይቻላል። እንደ ድሮው በየወሩ መላክ አልችልም። ለበዓል ግን እንደምንም ብዬ እልካለሁ። ዘመድ «አሜሪካ ሆና» ቢል ይበል። ሬዚደንሲ ስገባ ደመወዝ ይጀምራል፣ ብዙ ባይሆንም።

ግንቦት ላይ ስቴፕ ዋን የሚባለውን፣ የሐኪምነት ፈቃዱን የመጀመሪያ ፈተና እወስዳለሁ። ቢበዛ 280 ጥያቄ ነው፣ 8 ሰዓት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ውጤቱ በቁጥር አይነገርም፤ አለፈች ወይም ወደቀች ብቻ። ካለፍኩ ከክፍል ወጥቼ ሆስፒታል፣ ታማሚ ዘንድ እገባለሁ። እሱን በጉጉት ነው የምጠብቀው። እማዬ ለግሸን ማርያም ተስለሻል አሉ፣ እቴቴም ዱዓ ይዛለች። ሁለቱም ይቀጥል። ግን ቀኑን ለሰፈር አታውሩ። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል፣ ያን ሁሉ ጊዜ «እንዴት ሆነች?» ሲሏችሁ ትጨነቃላችሁ።

እስከዚያ እሁድ እሁድ ብቻ እንደዋወል፣ በናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። እዚህ ጠዋት ነው፣ ቡና አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ። በመሀል ካልደወልኩ እያጠናሁ ነው፤ አትጨነቁ፣ አብሽሩ። የጋሼ ልጅ ለፋሲካ መጥታ ስትመለስ ሽሮ ላኩልኝ። በርበሬው ገና አላለቀም።

ልጃችሁ
ከሜሪላንድ