ከዋናው ቴፕ ነው ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ የሌድ ዜፕሊን ሸክላ

ለሱቁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የትእዛዝ ቁጥሩም ስሜም እናንተ ጋ አለ፣ የተጻጻፍነውም ሁሉ ቴሌግራም ላይ ተቀምጧል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው አልደግመውም። አሁን የምጽፍላችሁ ሐሙስ ዕለት ስልክ ያነሳው ልጅ በተናገረኝ ነገር ነው።

እኔ በትህትና ነው የጀመርኩት። ይሄን የሮክ ባንዱን የሌድ ዜፕሊንን አራተኛ አልበም ስትሸጡልኝ ከዋናው የአናሎግ ቴፕ፣ ወደ ዲጂታል ሳይለወጥ፣ በቀጥታ የተሠራ ነው፣ ካልሆነ ገንዘብዎን እንመልሳለን ብላችሁኝ ነበር፣ ስሰማው ግን እንደዛ አይደለም፣ ማስተሪንጉን፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የሚደረገውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ ማን እንደሠራው ንገሩኝ አልኩት። "ጋሼ የሃምሳ ዓመት ዘፈን እኮ ነው፣ ድምፁ እንዲህ ነው" አለኝ። የድሮውን እኮ አውቀዋለሁ ስለው "እንግዲያው ማጫወቻዎን ያስፈትሹት፣ መርፌው አልቆ ይሆናል" አለ። መርፌው አዲስ ነው፣ በዚያው ማጫወቻ በዚያው ስፒከር በሰባዎቹ የታተመውን የጓደኛዬን ሸክላ ከእናንተው ጋር እያፈራረቅኩ ነው የሰማሁት ስለው ትንሽ ዝም አለና "ለማንኛውም ሮክ ጩኸት ነው፣ ምን ልዩነት ያመጣል?" ብሎ አጠገቡ ካለ ሰው ጋር ሳቀ። ከዛ መስመር ላይ ይቆዩ ብሎኝ ሄደ፣ ጠበቅኩ ጠበቅኩ፣ ስልኩ ተዘጋ። መልሶ የደወለልኝ የለም።

ምን ልዩነት እንደሚያመጣ ለእሱም ለእናንተም ልንገራችሁ። አልበሙ ላይ ያለው ስቴርዌይ ቱ ሄቨን የሚባለው ዘፈን በአኩስቲክ ጊታርና ሪኮርደር በሚባለው ዋሽንት ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ድራሙ እስኪገባ ከአራት ደቂቃ በላይ ያስጠብቃል፣ ከዛ በኋላ ከፍ እያለ ከፍ እያለ ሄዶ መጨረሻው አካባቢ ነው የሚፈነዳው፣ ዘፈኑ በሙሉ የቆመው በዚህ በዝግታውና በፍንዳታው መሃል ባለው ርቀት ላይ ነው። እናንተ በሰጣችሁኝ ሸክላ ላይ ግን የመግቢያው ጊታር ከመጨረሻው ጋር እኩል ሊጮህ ምንም አልቀረውም፣ ድራሙ ሲገባ ምንም የሚጨምረው ነገር የለም ምክንያቱም ድምፁ ቀድሞ ጣሪያ ነክቷል። ይሄ የቴፕ እርጅና አይደለም፣ ቴፕ ሲያረጅ ዝግ ያለውን ድምፅ ከፍ አያደርግም። ይሄ ለሲዲ ተብሎ በኮምፕረሰር፣ ማለትም ዝግ ያለውንና የሚጮኸውን ድምፅ በሚያቀራርብ መሣሪያ፣ የተጨመቀ የመጨረሻ ቅጂ (ማስተር) ተወስዶ እንዳለ ሸክላ ላይ የተገለበጠ ነው የሚመስለው።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ደግሞ የመጨረሻው ዘፈን ነው፣ ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ። ጆን ቦናም ያንን ድራም የመታው እንግሊዝ አገር ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል የድሮ ቤት ውስጥ ደረጃው ሥር ሆኖ ነው፣ ኢንጂነሩ አንዲ ጆንስ ማይኮቹን ከላይ አንጠልጥሎ ነው የቀዳው። ስለዚህ የምትሰሙት ድራሙን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ጭምር ነው፣ ግድግዳውን፣ ከፍታውን፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የሚቀረውን አየር። እዚህ ላይ ቤቱ የለም። ድራሙ ካርቶን እንደመምታት ይላል፣ ሃርሞኒካውና ሲምባሉ ደግሞ ይሰነጣጠቃሉ፣ ምክንያቱም ሸክላ ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር በአንድ ዙር መርፌው ሥር የሚያልፈው መስመር እያጠረ ስለሚሄድ እዛ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ የጮኸ ነገር ከተቀረጸ መዛባቱ አይቀርም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሄን አስቦ ነው የሚቀርጸው። ሽፋኑ ላይ ግን የማስተሪንግ ባለሙያ ስም የለም፣ የመብቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ስም የለም፣ ያለው 180 ግራም የሚል ስቲከር ብቻ ነው። ክብደት ድምፅ አይደለም።

ዲጂታል ስለሆነ ብቻ የተቆጣሁ እንዳይመስላችሁ። የባንዱ ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ራሱ የተቆጣጠረው ሪማስተር፣ ማለትም ድምፁ እንደ አዲስ የተስተካከለው እትም፣ በ2014 ወጥቷል፣ ዲጂታል ነው፣ ግን ነው ተብሎ ነው የተሸጠው፣ እሱ ነው ያለን ብትሉኝ ደስ ብሎኝ እወስድ ነበር፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ 45 ዶላር የከፈልኩት "ከዋናው ቴፕ" የሚለውን ቃላችሁን አምኜ ነው። በ2022 አሜሪካ ውስጥ አንድ ስመ ጥር አሳታሚ ሰው ሁሉ ንጹህ አናሎግ ናቸው ብሎ ይገዛቸው በነበሩ ሸክላዎች ሲሠሩ በመሃል ወደ ዲጂታል ተቀይረው እንደነበር ታውቆ ክስ ድረስ ደርሷል፣ የእነሱ ድምፅ እንኳን ጥሩ ነበር። ሰው የተከፋው ስላልተነገረው ነው።

ከተነሳ አይቀር ያለፈውንም ልናገር። ከዚህ በፊት የወሰድኩት የሌላው የሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕል ሸክላ ቀዳዳው ከመሃል ወጥቶ የኦርጋን ተጫዋቹ የጆን ሎርድ ኦርጋን ረዘም ባለ ኖታ ላይ ሁሉ ይዋልላል፣ ቀይሩልኝ ብዬ ፎቶም ቪዲዮም ላኩ፣ አይታችሁት ዝም አላችሁ። የፒንክ ፍሎይዱን ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን እንደ 1973ቱ ፖስተርና ስቲከር አለው ብላችሁ ሽፋኑን ስከፍተው ባዶ ነበር። እቃውንም በስስ ፖስታ ትልኩና ጠርዙ ታጥፎ ይደርሳል። ያንን ሁሉ የሀበሻ ሱቅ ነው፣ ይበርታ ብዬ አልፌዋለሁ።

አሁን ግን አላልፍም። የዜፕሊኑን 45 ዶላርና የመላኪያውን መልሱልኝ፣ የመመለሻ ፖስታውንም እናንተ ክፈሉ። የዲፕ ፐርፕሉንም ቀይሩልኝ። ገጻችሁ ላይ እስካሁን ያለውን "ከዋናው ቴፕ" የሚለውን ጽሑፍ ወይ አንሱት ወይ የማስተሪንጉን ባለሙያ ስም አጠገቡ ጻፉ፣ ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይገዛ። መልሱንም የምፈልገው ከባለቤቱ በጽሑፍ ነው፣ በገንዘቡ ፋንታ ከሱቁ ሌላ እቃ የሚያስገዛ ስቶር ክሬዲት አልቀበልም፣ ልጁ ቀደም ሲል ሊሰጠኝ ሞክሮ ነበር።

እስከ መጪው ዓርብ ካልመለሳችሁልኝ ባንኬ ክፍያውን እንዲያስመልስልኝ አመለክታለሁ፣ ለሜሪላንድ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልም ያው ቴሌግራም ላይ የጻፋችሁልኝን ቃል ከነቀኑ አያይዤ አስገባለሁ። ሸክላው በሽፋኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የመመለሻ አድራሻውን ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ