ይድረስ ለመምሬ

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። እናትህ ያረፉ ጊዜ እንኳ በሰው አፍ ነው «እግዜር ያጽናህ» ያልኩህ። ስንገናኝ ድንጋይ ተሸክሜ እግርህ ላይ እወድቃለሁ፤ አሁን ግን እሱን እንለፈው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም ጨንቆኝ ነው።

የክርስትና ልጅህ ሊመንን ነው።

አትሳቅ። ሰኔ ላይ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመረቀ፣ ሥራም አገኘ፣ እናቱ «ተገላገልን» ብላ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ግን ዋልድባ እገባለሁ ይላል። ያንተው ዋልድባ! ስልኩን ሸጦ ገንዘቡን ለነዳያን ሰጠ። ሌሊት ተነስቶ ይሰግዳል፤ ጉልበቱ ወለሉን በመታ ቁጥር ከታች ያለችው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ትደበድባለች። እኔ መሐል ላይ ተኝቼ ሁለቱንም እሰማለሁ።

ላፕቶፑን ለጎረቤት ልጅ የሰጠ ቀን ተቆጣሁ። «ሰው ደክሞ ያገኘውን እንዲህ ይበትናል?» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባዬ፣ የፋኖሱን ተረት አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?» አለኝ። የፈላስፋውን የኤፒክቴተስን ፋኖስ ነው! የብረት ፋኖሱን ሌባ ሲወስድበት «ነገ የሸክላ እገዛለሁ፤ ሰው የሚጠፋበት ያለው ነገር ነው» ያለውን። ለካ ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳወራለት ልጁ ተረት አልነበረም የሚሰማው።

ተከራከርኩት። «ያ ሰውዬ እኮ በረሃ አልገባም፤ ቄሣሩ ዶሚቲያን ፈላስፎቹን ከሮም ሲያባርር ኒቆጶሊስ ሄዶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሹመት የሚጠብቁ የባለጸጋ ልጆችን ነው ያስተማረ፤ ሰው መሐል ነው የኖረ» አልኩት። «የመነኮሳት አባት እንጦንስም ሰው መሐል ነበር፤ ‹ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ› የሚለው ሲነበብ ሰማና ወጣ» አለኝ። «እሺ፣ አበምኔቱ ሂድ ሲሉህ ሄደህ፣ ና ሲሉህ መጥተህ፣ ምኑ ላይ ነው ነጻነቱ?» ብለው፣ «ስልኬ ጠዋት በጮኸ ቁጥር እየበረርኩ ስነሳ ነጻ ነበርኩ?» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ በንቀት አይደለም፣ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ፣ «አባዬ፣ አንተ ነጻ ነህ?» አለኝ። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ እዳ፣ አለቃዬ ፊት የምስቃት ሳቅ፣ የደም ግፊት ኪኒኔ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። «ሽሮው ቀዘቀዘ፣ ብላ» አልኩት። እየጾመ መሆኑን እንኳ ረስቼ!

እናቱ ሌላ ዓለም ውስጥ ናት። ቆብ ሲደፋ ለሙት የሚነበበው መጽሐፈ ግንዘት እንደሚነበብበት አንዲት ጎረቤት ነገረቻት። «ልጄ በቁሙ ሊፈታ ነው» ብላ አንሶላውን እያጠበች ታለቅሳለች፤ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። መጀመሪያ ረድእ ሆኖ ዓመታት ያገለግላል፣ ቆብ እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም ብላት አልሰማ አለችኝ። ደግሞ ሌላ ነገር ታክላለች፦ ልጅቷ ካናዳ ስለሄደች ነው ትላለች። እኔ ልጅቷን አንድ ሁለቴ ብቻ ነው ያየኋት።

እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው፣ መምሬ። ልጁ መርጦ ይሁን ሸሽቶ መለየት አቃተኝ። መርጦ ከሆነ እጄን ማንሳት አለብኝ፤ ኤፒክቴተስ በእኛ ሥልጣን ያለውንና የሌለውን ለዩ የሚለውን ስንት ሌሊት ነው ስድስት ኪሎ ዶርም ውስጥ ሻማ እያቃጠልን የተጨቃጨቅንበት! አሁን የሰው ፈቃድ ከእኔ ሥልጣን ውጭ ነው የሚለው ያ ዓረፍተ ነገር ልጄ ላይ ሲደርስ ግን አልዋጥ አለኝ። ልጅህን ስትስም የሚሞት ሰው እየሳምክ መሆኑን ለራስህ ንገረው የሚለውን ቦታ ደግሞ በቀይ አስምረንበት ነበር፤ ልጅ ሳይኖረን። መጽሐፉን ሰሞኑን አውጥቼ ያንን ቀይ መስመር ሳይ ተናደድኩ። ኤፒክቴተስ ምን አለበት፣ የአብራኩ ክፋይ የለው! ሌላውን ፈላስፋ ዴሞናክስን «አግባ» ብሎ ቢገሥጸው፣ «እሺ፣ እንግዲያው ከሴት ልጆችህ አንዷን ዳርልኝ» ብሎ ያሳፈረውን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እንዴት እንደምለው አላውቅም። አንተ ስትገባ ለምን ብዬ አልጠየቅሁህም። ስትወጣም አልጠየቅሁህም፤ ከስተህ፣ የገዳሙ ምግብ ቋርፍ አንጀትህን አድርቆት፣ መናኸሪያ ጠብቄህ ጠጅ ቤት ወሰድኩህና ዝም ብለን ጠጣን። የዚያን ጊዜ ጨዋነት መስሎኝ ነው። ምናልባት ፈርቼም ይሆናል።

ዛሬ ልጠይቅህ። ስትሄድ ማንም ሰው ምንም ቢልህ የምትቀር ነበርክ? አባትህ በር ላይ የቆሙት ነገር፣ ጀርባቸውን ሰጥተው… ቢያናግሩህ ይሻል ነበር? አየህ፣ እኔም በር ላይ መቆሜ አይቀርም፤ ምን እንደምል ግን አላውቅም።

ልጁን አናግርልኝ። አስቀርልኝ አይደለም የምልህ። (ብታስቀረው አልጠላም፣ እናቱማ ታቦት ታስቀርጽልሃለች።) ብቻ ያየኸውን ንገረው፤ ውሃ የሚቀዳበትን፣ የሚታመምበትን፣ ማንም የማያይህን ማታ። እኔ ብነግረው ከመጽሐፍ ነው የሚመስለው።

ስልክ እንደሌለው ነግሬሃለሁ፣ በእኔው ደውል። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ከቅዳሴ ሲመለስ ሦስት ሰዓት ገደማ ቤት ነው፤ የእናንተን ሰዓት አንተው አስላው፣ እኔ መቼም ገብቶኝ አያውቅም። እናቱ ካነሳችው ደግሞ «ዝም ብዬ ነው የደወልኩት» በላት።