ልጄ፣ ስለተወለድሽበት ዓመት

የኔ ዓለም፣ አድገሽ በተወለድሽበት ሰሞን ዓለም ላይ ምን እንደነበር ስትፈልጊ፣ መጀመሪያ የምታገኚው የእንግሊዟን ንግሥት ኤልሳቤጥን ዕረፍት ይመስለኛል። ጳጉሜን 3 ቀን 2014፣ በ96 ዓመታቸው አረፉ። 70 ዓመት ነግሠዋል፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1957፣ እኛም አገር መጥተው ነበር። ነፍሳቸውን ይማር። ጎንደር ግን አምርራ ያለቀሰችው ለሌላ ሰው ነው።

መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት፣ ማዲንጎ አፈወርቅ ሞተ ተባለ። የአዘዞ ልጅ፣ የኛው ማዲንጎ! አንቺን እርጉዝ ስለነበርኩ እንዳልደነግጥ ብለው ስልኬን ደበቁብኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ባጃጁ ሁሉ የሱን ዘፈን ከፍቶ በበራችን ሲያልፍ ዋለ። አርባው በወጣበት ሰሞን ደግሞ አሊ ቢራ አረፈ።

በመሃል አንድ ደግ ዜና መጣ። ጥቅምት 23 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱ ወጣት ረግፎ! ልጃቸው ግንባር የነበረ ጎረቤታችን ቡናውን ከነጀበናው ጥለው፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ። ስምምነቱ ሁሉን ነገር አልፈታም። ያን ቀን ግን የሳቸውን ፊት ማየት ነበረብሽ።

ኅዳር 6 ቁስቋም ናት። የጽጌ ጾም ተፈቶ ሕዝቡ ወደ እቴጌ ምንትዋብ ደብር ሲወጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት በዚያው ዕለት የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን ገባ አለ። በማግስቱ አንቺ ከች አልሽ። አያትሽ ለወንድ የሚባለውን ያህል እልል አሉልሽ። ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይበላል የሚሉ አሉ፣ ጥያቄያቸውም ልክ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን በዚያ ዓመት ዓለም ላይ ከሞተው ሰው እጥፍ ያህል መወለዱ ነው። የሞቱት ታላላቆች ስማቸው በየዜናው ተነበበ፤ እናንተ ገና ስም እንኳ አልወጣላችሁም ነበር።

የኳሱን አባትሽን ጠይቂው። ታኅሣሥ 9 አርጀንቲናና ፈረንሳይ ለዋንጫ ሲጫወቱ አንቺን ታቅፎ ነበር የሚያየው። 3 ለ 3 ወጥተው በፍጹም ቅጣት ምት ነው የተለያዩት። እምባፔ ሦስተኛዋን ሲያገባ ጮኸና ቀሰቀሰሽ። ሜሲ ዋንጫውን ሲያነሳ አንቺ ገና ለቅሶሽን አልጨረስሽም።

እናትሽ