ከ27 አልጋ ተነስቶ፦ የጤናና ታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዚህ ክበብ ዘገባ በየዓመቱ የርዕሶች ዝርዝር ይዞ ይወጣ ነበር። የዘንድሮው አንድ ርዕስ ብቻ አለው። በመጀመሪያው ስብሰባችን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «በየሳምንቱ አዲስ ነገር እንጀምራለን፤ አንዱንም ግን አንጨርስም» አለች። እውነቷን ነበር። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ጥያቄ ጋር ለመቆየት ተስማማን፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ብዙ ከተሞችን የሚያገለግል የጤና ሥርዓት የሚሆነው በምን መንገድ ነው? የመረጥነው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ የተከፈተውን የሴንት ሜሪስ ሆስፒታልንና አብሮት ያደገውን የሜዮ ክሊኒክን ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚነሣው ከአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1883 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የሮቸስተርን ሰሜናዊ ክፍል አፈራረሰው። ቢያንስ 37 ሰዎች ሞቱ፤ 200 ያህሉ ቆሰሉ። በከተማዋ ሆስፒታል ስላልነበረ ቁስለኞቹ በጭፈራ አዳራሽ፣ በመኖሪያ ቤቶችና በገዳም ውስጥ ተኙ። ሐኪሙ ዊሊያም ዎራል ሜዮ የሚያስታምም ሰው ሲቸግራቸው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር ደናግልን እንዲረዷቸው ጠየቁ። እነዚህ ሴቶች በሙያቸው መምህራን ነበሩ፤ የነርስነት ትምህርት አልነበራቸውም። ይህ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ተማሪዎቹ ዘወር ብለው ወደ እኔ፣ ወደ መምህራቸው፣ ተመለከቱ። እንዲህ ያለ ጥሪ ቢመጣ እኔ ምን አደርግ ነበር ብዬ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።

የማኅበሩ አለቃ እናት አልፍሬድ ሞስ አደጋው ካለፈ በኋላ ለዶክተር ሜዮ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ደናግሉ ሆስፒታሉን ያሠራሉ፣ እሳቸው ደግሞ ሕክምናውን ይመራሉ። ዶክተሩ አመነቱ። ከተማዋ ሆስፒታል ለመሸከም ትንሽ መሰለቻቸው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ብዙ ሰው ሆስፒታልን የሚያውቀው ድሃ ሊሞት የሚገባበት ቤት አድርጎ ነበር። ደናግሉ ግን እያስተማሩና ከራሳቸው ኑሮ እየቀነሱ ገንዘቡን አጠራቀሙ። ከአውሎ ነፋሱ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1889 ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል በ27 አልጋ ሥራ ጀመረ።

27 አልጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አባላቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ወለል ላይ በጠመኔ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ሣሉ። ሁለት መማሪያ ክፍል የሚያህል ቦታ ብቻ ያዘ። በዕረፍት ሰዓት ትንንሾቹ ተማሪዎች እየመጡ አልጋዎቹ ላይ ተኙ፤ እኛም ታሪኩን ነገርናቸው። ከዓመቱ ሥራዎቻችን እኔ በጣም የምወደው ያንን ቀን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ ሰው የሚፈራው ቤት እንዴት ሰው የሚጎርፍበት ሆነ የሚል ነበር። አንዱ መልስ ንጽሕና ነው። የዶክተር ሜዮ ልጆች ዊሊያምና ቻርልስ፣ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ያስተማረውን ቁስልን ከመመረዝ የሚከላከል ዘዴ በቀዶ ሕክምናቸው አጥብቀው ተከተሉ። ታካሚው ከማደንዘዣው ነቅቶ፣ ቁስሉ ሽሮ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወሬው ከእሱ ጋር ይሄዳል። ሌላው መልስ የመማር ፍላጎታቸው ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በየተራ ወደ ሌሎች ከተሞችና አገሮች እየሄዱ የሌሎችን ቀዶ ሐኪሞች ሥራ ይመለከቱ ነበር፤ አንዱ ሲጓዝ ሌላው በሽተኞቹን ይይዛል። በኋላ ተራው ተገለበጠና ሌሎች ሐኪሞች እነሱን ለማየት ወደ ሮቸስተር ይመጡ ጀመር። እነዚያ እንግዶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተሰብስበው ያዩትን የሚወያዩበት የራሳቸውን ክበብ አቋቋሙ። የእኛ አባላት ይህን ሲሰሙ እንዴት ደስ እንዳላቸው መናገር ይከብደኛል።

ከሰዎቹ ሁሉ ክበቡን የማረኩት ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ዴምፕሲ ናቸው። እሳቸውም ወደ ሆስፒታሉ የመጡት ከማስተማር ሥራ ነው። በነርስነት የሠለጠነችው ኢዲት ግርሃም አዲሶቹን ደናግል ስታስተምር ከተማሩት አንዷ ነበሩ። ከ1890 እስከ 1915 (እ.ኤ.አ.) የልጅየው የዊሊያም ሜዮ የመጀመሪያ ረዳት ሆነው በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ፤ ከ1892 ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስም ሆስፒታሉን በኃላፊነት መሩ። በሽተኞችን ለቀዶ ሕክምና ሲያዘጋጁ፣ በእምብርታቸው ላይ ጠጣር እብጠት ያለባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሆዳቸው ውስጥ የተሠራጨ ካንሰር እንደሚገኝባቸው አስተዋሉ። ለሐኪሙም ነገሩት። ይህ ምልክት ዛሬም በሕክምና ትምህርት በስማቸው ይጠራል። እጃቸው የዳሰሰውን ልብ ብለው መያዛቸውና ለሚመለከተው መናገራቸው፣ ሐኪም ያልሆኑትን ሴት በዓለም ሐኪሞች ሁሉ አፍ ላይ አኖራቸው። እሳቸውና ሁለቱ ወንድማማቾች የሞቱት በአንድ ዓመት፣ በ1939 ነው።

በመንፈቅ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ክበባችን ችግር ገጠመው። እያንዳንዱ ቡድን ያነበበውን በራሱ ደብተር ይጽፍ ስለነበር፣ አንዱ የደከመበትን ሌላው እንደ አዲስ ይጀምራል። አንድ ደብተር ጠፋ፤ የአንድ ወር ሥራ አብሮት ጠፋ። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። መድኃኒቱን ያገኘነው ከምናጠናው ታሪክ ውስጥ ነው። በሜዮ ክሊኒክም መጀመሪያ እያንዳንዱ ሐኪም የየራሱ መዝገብ ነበረው፤ ሦስት ሐኪም ያየው በሽተኛ ታሪኩ በሦስት ቦታ ተበትኖ ይቀራል። በ1901 ክሊኒኩን የተቀላቀሉት ዶክተር ሄንሪ ፕለመር በ1907 ይህን ቀየሩት። ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ቁጥርና አንድ ካርድ ተሰጠው፤ የትኛውም ሐኪም ቢያየው፣ የትኛውም ምርመራ ቢደረግለት፣ ወረቀቱ የሚገባው እዚያው ነው። መዝገቡን በበሽታ ዓይነት ፈልጎ ለማግኘት የሚያስችለውን አሠራር ለማደራጀት ሜብል ሩት አብረዋቸው ደከሙ።

ብዙ ሰው የዚህን ተቋም ዕድገት የሚተርከው በሕንጻዎቹ ነው። እኔ ከዚህ ዓመት በኋላ የማምነው ካርዱን ነው። አሥር ሐኪሞች አንድን በሽተኛ እንደ አንድ ሐኪም ሊያዩት የቻሉት በእሱ ምክንያት ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ይህ ካልሠራ፣ በርቀት ያሉ ሆስፒታሎችን አገናኝቶ አንድ ሥርዓት ማድረግ አይቻልም።

የቀረውን በፍጥነት ተጓዝንበት። በ1919 ወንድማማቾቹ የክሊኒኩን ንብረትና ካጠራቀሙት ሀብት ትልቁን ክፍል ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት አስረከቡ፤ ሐኪሞቹ በደመወዝ የሚሠሩበት ልማድም ዛሬ ድረስ ዘለቀ። በ1950 የክሊኒኩ ተመራማሪዎች ኤድዋርድ ኬንዳልና ፊሊፕ ሄንች ኮርቲዞን ከተባለው ሆርሞን ጋር በተያያዘ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሴንት ሜሪስ ከክሊኒኩ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር የተዋሃደው በ1986 ነው። ከ1992 ጀምሮ በሚኒሶታ፣ በአዮዋና በዊስኮንሲን የሚገኙ የትንንሽ ከተሞች ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች እየተቀላቀሉ አካባቢያዊው የጤና ሥርዓት ተመሠረተ።

እዚህ ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ተቋሙ በሚኒሶታ በምትገኘው በአልበርት ሊ ከተማ ሆስፒታል ይሰጥ የነበረውን አብዛኛውን ተኝቶ የመታከም አገልግሎት፣ የጽኑ ሕሙማንና የማዋለጃ ክፍሎችን ጨምሮ፣ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ኦስቲን ከተማ እንደሚያዛውር አስታወቀ። ምክንያቱ የባለሙያ እጥረት፣ የተኝቶ ታካሚዎች ማነስና ኪሳራ ነው ተባለ። ነዋሪዎቹ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። በክርክራችን አንደኛው ወገን፣ ሐኪም የሌላቸው ሁለት ማዋለጃ ክፍሎች ከሚኖሩ በሚገባ የተሟላ አንድ ይሻላል አለ። ሌላው ወገን ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት፣ በበረዶ መንገድ ላይ አስቀመጠልን። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ «ሮቸስተርም ለሆስፒታል ትንሽ ናት ተብላ ነበር» አለና ተቀመጠ። ድምፅ አላሰጠሁም። የእኔ ሐሳብ ግን ከልጁ ጋር ነው፤ ሥርዓቱ የተወለደው ትንሽ ከተማን በናቀ ስሌት ቢሆን ኖሮ በ1889 የሚከፈት በር አይኖርም ነበር።

ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ክበቡ አንድ ፋይል ብቻ አለው። እያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር አለው፤ ያነበበ ሁሉ ቀኑን ጽፎ ከቁጥሩ ሥር ያስገባል፣ የተከራከረም የክርክሩን ሐሳብ ያክላል። የጠፋውን ደብተር ባለቤቶቹ ከትዝታቸው እንደገና ጽፈው ቁጥር 1 አድርገውታል። የአልበርት ሊ ክርክር ቁጥር 41 ነው፤ እስካሁን አልተዘጋም። ፋይሉ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በመስከረም የሚመጡ አባላት ከቁጥር 42 ይቀጥላሉ።