የመስሚያ መሣሪያ የሚሸጥልን ሰው ወረቀት ይስጠን፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፤ ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት

ጉዳዩ፦ የመስሚያ መሣሪያ ሽያጭ ሥርዓት እንዲበጅለት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ለኖረች እናቴ የመስሚያ መሣሪያ ልገዛ አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ከርሜ ነው ይህን የምጽፈው። የምጠይቃችሁ በዋናነት አንድ ነገር ነው። ይህን ዕቃ የሚሸጥ ማንኛውም ሰው ብር ከመቀበሉ በፊት የምርመራውን ውጤትና የዋጋውን ዝርዝር በወረቀት ለገዢው እንዲሰጥ አስገድዱልን። ሌላው የምለው ሁሉ ከዚሁ የሚመዘዝ ነው።

መነጽር የሚገዛ ሰው ሐኪሙ ቁጥሩን ጽፎ ይሰጠዋል። በዚያች ወረቀት ፒያሳም ይሁን መርካቶ ዞሮ ዋጋ ያጣራል፤ አንዱ ቢወደድበት ሌላው ጋ ይሄዳል። የመስሚያ መሣሪያ ገዢ ይህ ዕድል የለውም። እናቴ ከተመረመረችበት ቦታ ይዘን የወጣነው «ሁለቱም ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ ማሽን ያስፈልጋቸዋል» የሚል ቃል ብቻ ነው። ውጤቱን በወረቀት ስጡን ስንል «እሱ ፋይላቸው ላይ ነው የሚቀመጠው» ተባልን። ውጤቱ ኦዲዮግራም የሚሉት አንድ ገጽ ግራፍ ነው። ከወፍራሙ 250 እስከ ቀጭኑ 8,000 ኸርዝ ባሉት ድምፆች ሰውየው ከስንት ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ጀምሮ እንደሚሰማ ያሳያል፤ የቀኙ ጆሮ በቀይ ክብ፣ የግራው በሰማያዊ ኤክስ ምልክት ይሰፍራል። ይህ ወረቀት በእጁ የሌለ ሰው ሌላ ሱቅ ቢሄድ እንደ አዲስ ይመረመራል፣ እንደ አዲስም ይከፍላል። በየቦታው ለመክፈል አቅሙ ያለው ስንቱ ነው? አብዛኛው ሰው የተመረመረበት ቦታ የተጠራለትን ዋጋ ይከፍላል። ብዙ ቦታ መርማሪውና ሻጩ አንድ ሰው መሆኑንም አትርሱ።

የሽያጩን ነገር ደግሞ እንዳየሁት ልንገራችሁ። ሻጩ መስታወቱን ከፍቶ መሣሪያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «ይሄ አራት ቻናል ነው፣ ይሄ ስምንት፣ ይሄኛው አሥራ ስድስት» አለ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ሽቅብ ይወጣል። ቻናል ማለት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «በበዛ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል» ብሎ አለፈኝ። ለካ ቻናል መሣሪያው ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ከፋፍሎ ለየብቻ የሚያስተካክልበት ክፍል ነው። መካከለኛውን አንሥቶ ከእናቴ ጆሮ ጀርባ አንጠለጠለ፣ ጎማውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካ፣ በሩን ዘጋና ፊቷ ቆሞ «ማዘር፣ ይሰማል?» አላት። «ይሰማል» አለች። እንዴት አይሰማ! በሩ በተዘጋ ክፍል፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያናግራትን ሰውማ ያለ ማሽንም ትሰማለች። እሑድ ዘመድ ሲሰበሰብ ነው ጉዱ የወጣው። ሰዉ እኩል ሲያወራ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ ቡናው ሲወቀጥ መሣሪያው ሙቀጫውን ከልጇ ድምፅ እኩል አጮኸባት። ራሴን አመመኝ ብላ አወለቀችው፤ ብዙም ሳይቆይ ከክርና ከአዝራር ጋር መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ስንመለስ «ገና አልለመዱትም» አሉን። እውነት ለመናገር ይህ ከፊሉ ልክ ነው። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አእምሮ ድምፁን እስኪለምደው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህን ግን ከሽያጩ በፊት ማንም አልነገረንም። እንዲስተካከልልን ስንጠይቅ ሌላ ክፍያ መጣ። እንመልሰው ስንል «ጆሮ ውስጥ የገባ ዕቃ አይመለስም» ተባለ። የያዝነው ደረሰኝ «የመስሚያ መሣሪያ» ከሚል አንድ መስመርና ከጠቅላላ ድምሩ በቀር ምንም የለውም። ምርመራው ስንት፣ ዕቃው ስንት፣ ሞልዱ (በጆሮው ልክ የሚቀረጸው መሰኪያ) ስንት፣ ማስተካከያው ለስንት ጊዜ፣ ዋስትናው ለምን ያህል ወር? አይታወቅም።

ይህ ዝርዝር የሚያስፈልገው ለሒሳብ ብቻ አይደለም። መስሚያ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ከፊሉን የሚከፍለው ለዕቃው፣ ከፊሉን ለባለሙያው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ከጎደለ የመጀመሪያው ከንቱ ነው። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭን ድምፆችን ነው፤ «ስ»ን፣ «ሽ»ን፣ «ፍ»ን የመሳሰሉትን። ወፍራሞቹ ይቀሩለታል። እናቴ ሰው እያናገራት መሆኑን ታውቃለች፣ ምን እንዳላት ግን አይለይላትም፤ «ስልክ» ያልናት «ልክ» ሆኖ ይደርሳታል። ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚያጎላ መሣሪያ ስናደርግላት ደህና የምትሰማው ያደነቁራታል፣ የማትሰማው እንደዚያው ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር መሣሪያውን ከኮምፒውተር አገናኝቶ በኦዲዮግራሟ ልክ ማስተካከል ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ ሲሆን ደግሞ ቀጭን የማይክሮፎን ቱቦ ጆሮዋ ውስጥ አስገብቶ ድምፁ ታምቡሯ አጠገብ በምን ያህል ኃይል እንደሚደርስ ይለካል። በደንብ የተስተካከለ ባለ አራት ቻናል ካልተስተካከለ ባለ አሥራ ስድስት ይሻላል። ይህን የሚነግረን ሻጭ ግን አላጋጠመኝም፤ ለምን ይነግረናል?

ከሁሉ የገረመኝ ጆሮዋን በመብራት የተመለከተ ሰው አለመኖሩ ነው። ኩክ የደፈነው ጆሮም፣ መግል የሚያወጣ ጆሮም በደንብ አይሰማም። የሁለቱም መድኃኒት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ እንጂ መስታወት ውስጥ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ሊከላከሉት የሚቻል ነው ይላል። ያለ ሐኪም ፊርማ ለሕፃን ማሽን የሚሸጥ ካለ ዝም ልትሉት አይገባም።

አሁን ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚቸበቸቡት አሉ። በረከሰ ዋጋ፣ «ለማንኛውም ዓይነት የጆሮ ችግር» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎባቸው። አንዳንዶቹ ለቀላል ድክመት ይረዱ ይሆናል፤ ጭራሽ ይታገዱ የምል ሰው አይደለሁም። አሜሪካ እንኳ ከጥቅምት 17 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ማዘዣ እንዲሸጡ ፈቅዳለች። ግን እንዴት አድርጋ? ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላውና ድክመቱ ከቀላል እስከ መካከለኛ ለሆነ ሰው ብቻ፤ የድምፁም ጣሪያ 111 ዴሲቤል፣ የሚገባውን ድምፅ እንደ ኃይሉ በራሱ የሚያምቅ ሥርዓት ላለው 117 እንዲሆን ወስና። ሻጩ ዕቃውን መልሶ ይቀበል እንደሆነም ሣጥኑ ላይ መጻፍ አለበት። እኛ ጋ ጣሪያውን የሚያውቅ የለም። የቀረችውን የመስማት አቅም በጩኸት የሚያጠፋ ዕቃ በሞተር ሳይክል ቤት ድረስ ይመጣል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያንም የሚመለከት ስለሆነ ባለሥልጣኑ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ዘመድ ከውጭ የሚልክለትም አለ። ኮስትኮ በሚባለው የአሜሪካ መደብር ውስጥ ጥንዱ በ1,500 ዶላር ገደማ ስለሚገኝ አሜሪካ ያለ ልጅ ለአባቱ ገዝቶ ቢልክ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው ቦሌ ከደረሰ በኋላ ነው። ብዙው መሣሪያ የሚስተካከለው በአምራቹ ሶፍትዌር ነው፤ አንዳንዱም ለሸጠው ድርጅት ብቻ የተቆለፈ ነው። እዚህ ያለው ባለሙያ ቢፈልግም አይከፍተውም። የሟች አያቱን ማሽን ወርሶ የሚያደርግ ሰውም አውቃለሁ፤ ለሌላ ጆሮ የተቀረጸ ሞልድ እያፏጨበት።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሻጮቹ ዋጋ የሚነግሩን ስልካቸው ላይ የዶላሩን ተመን አይተው ነው። በዚህ ነጋዴውን ብቻ አልወቅስም። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን እንዲለጥፍ ያዛል፤ በየሱቁ ስዞር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዋጋ አላየሁም። ለአንድ ዓይነት መሣሪያ ሁለት ሱቆች የጠሩልኝ ዋጋ በእጥፍ ይለያያል፤ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ግን ሁለቱም አላስረዱኝም።

ለጤና መድን አገልግሎት የምለው አለኝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያችንን ይዘን ስንሄድ «ማሽን አይሸፍንም» ተባልን። መድኑ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሲጀመር ሁሉን ይሸፍናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እኔም ዛሬ ሙሉ መሣሪያውን ሸፍኑልን ብዬ አልነሣም። እንግሊዝ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት በጅምላ እየገዛ መሣሪያውንም ባትሪውንም በነፃ ያድላል፤ የእነሱ ኪስና የእኛ ኪስ አንድ አይደለም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ቅድሚያ ይሰጣቸው ብሎ ባወጣው የ50 አጋዥ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ዲጂታል የመስሚያ መሣሪያ ከነባትሪው አለበት። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ኮንቬንሽን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ከየት እንጀምር ከተባለ ከምርመራው፣ ከሞልዱና ከባትሪው ጀምሩ። ሰው ማሽኑን ተበድሮም፣ ዕቁብ ወጥቶለትም ይገዛል፤ መሳቢያ ውስጥ የሚያስገባው የዘወትሩ ወጪ ነው። የሕፃን ጆሮ እያደገ ስለሚሄድ ሞልዱ በየጥቂት ወሩ ይጠበዋል። ወላጅ ደጋግሞ መክፈል ሲያቅተው ልጁ ቋንቋ በሚለምድበት ዕድሜ ያለ ድምፅ ይቀመጣል።

ስለ ባትሪው ትንሽ ልቆይ፤ ንቀነው እንጂ ቀላል ነገር አይደለም። መጠኑ የሚለየው በቀለምና በቁጥር ነው፦ ባለ ቢጫው 10፣ ባለ ቡናማው 312፣ ባለ ብርቱካናማው 13፣ ባለ ሰማያዊው 675 ነው። ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት ከተላጠ አየር ይገባውና ሥራ ይጀምራል፤ ወረቀቱን መልሶ መለጠፍ አያቆመውም። እንደ መጠኑና እንደ አጠቃቀሙ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። ይህን ያልተነገራቸው አንድ ጎረቤታችን የእሽጉን ወረቀቶች «ንጹሕ ይሁን» ብለው በአንድ ቀን ልጠው ጨረሷቸው። ባትሪው ደግሞ የሚገኘው ማሽኑን ከሸጠው ሰው ዘንድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከወልዲያ የመጣ ሰው ባትሪ ሲያልቅበት ምን ያድርግ? በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ መሣሪያው በ9021.40፣ ባትሪው በ8506.60 ሥር ነው የሚገቡት፤ አንዱ ሕክምና ዕቃ ተብሎ ሌላው እንደ ተራ ሸቀጥ እንዳይታይ ከገንዘብ ሚኒስቴርና ከጉምሩክ ኮሚሽን ጋር ተነጋገሩበት። የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት እነዚህን አራት ዓይነት ባትሪዎች ከሌላው ግዥ ጋር አምጥቶ በመንግሥት ሆስፒታሎች መድኃኒት ቤት ቢያስቀምጣቸው ለግዥው መዝገብ አራት መስመር መጨመር ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ምን ይያዝ ለምትሉ፦ የኦዲዮግራሙ ቅጂ ሳይጠየቅ ለታካሚው ይሰጠው፤ የመረመረው ባለሙያ ስምና የሙያ ፈቃድ ቁጥር ይኑርበት፤ የመሣሪያው ሞዴል፣ ትልቁ የድምፅ ኃይሉና የባትሪው ቁጥር ይጻፍበት፤ የምርመራው፣ የዕቃው፣ የሞልዱና የማስተካከያው ዋጋ ለየብቻ ይቀመጥ፤ ሶፍትዌሩ የተቆለፈ ከሆነ ይገለጽ፤ የመመለሻውም ቀን ይኑርበት። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሙከራ ጊዜ በሕግ የተቀመጠ ነው፤ እኛም ሠላሳ ቀን ብንጠይቅ አልበዛም። ሻጩ ለምርመራና ለማስተካከያ የሠራበትን ያስቀር፣ የዕቃውን ግን ይመልስ። በትጋት የሚሠሩ ጥቂት የመስማት ባለሙያዎች እንዳሉን አውቃለሁ። ይህ አሠራር እነሱን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ዛሬ ሥራቸው በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ማንም አያይላቸውም።

መመሪያ ማውጣት ጊዜ እንደሚወስድ ይገባኛል። እስከዚያው ግን በእጃችሁ ያለ ነገር አለ፦ ፈቃድ ያላቸውን የመስማት መመርመሪያዎችና የተመዘገቡ መሣሪያዎች ዝርዝር በአማርኛና በሌሎቹ የሥራ ቋንቋዎች ድረ ገጻችሁና የፌስቡክ ገጻችሁ ላይ አውጡልን፤ የጽሑፍ ዋጋ የማይሰጥ ቦታ ሲያጋጥመን የምንደውልበትን ቁጥርም ከሥሩ ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሸማች
አዲስ አበባ