መርጃ ማዕከሎቻችንን ሌሊት የሚጎበኛቸው ማን ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አረጋውያን መርጃ ማዕከላት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ምሳ ይዘው ስለሚሄዱ በጎ አድራጊዎች፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ብርድ ልብሱ ጥሩ ተጽፏል። ፎቶውም ደስ ይላል። ግን ሁሉም የቀን ነው። እኔ የማውቀው ሌሊቱን ነው። እዚሁ ወሎ፣ በአንድ ማዕከል የሌሊት ጥበቃ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም፤ ሌላውም ቦታ ከዚያ የተሻለ አይመስለኝም። (ጥበቃ ደግሞ ጋዜጣ ያነባል ወይ የሚል ካለ፣ ከጥበቃ በላይ የሚያነብ የለም።)

እኛ አገር “ጃጅቷል” ይባልና ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። የመርሳት በሽታ ግን የአንጎል በሽታ ነው፤ አልዛይመር የሚባለው ዋናው ነው። በሽታው ያለባቸው ብዙዎቹ ቀን ደህና ይውላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ። “ቤቴ ልሂድ” ይላሉ፣ ይነሳሉ፣ በር ይገፋሉ። ታዲያ ቀን ላይ ወጥ ቤቱ፣ ጽዳቱ፣ ነርሷ፣ እንግዳው ሁሉ አለ። ማታ ግን ለሁለት ክፍል አንዲት አስታማሚ ትቀራለች። እሷም ቀን ልብስ ስታጥብ የዋለች ናት። አንዱን ሽንት ቤት ስታደርስ ሌላው ከአልጋ ይወድቃል። ለአንድ ሽማግሌ የዳሌ አጥንት ስብራት ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ያየው ያውቀዋል።

መፍትሔው ምን ነበር? ጓጉንቸር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ክፍሎቹን ከውጭ እንድቆልፍ ታዘዝኩ። የደሴን የኅዳር ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለሙቀት ተብሎ ከሰል ወደ ክፍሉ ይገባል። የከሰል ጋዝ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ተኝተህ ነው የሚወስድህ። በሩ ከውጭ ተቆልፎ፣ ውስጥ ማንደጃ፣ ውስጥ “እሳት” ብሎ መጮኹን እንኳ የሚረሳ ሰው። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ግቢው ጫፍ፣ የውጭ በር ላይ። ለኃላፊው ነገርኩት። “ከጠፉብን ማን ይጠየቃል?” አለኝ። እውነቱን ነው፣ የጠፋ ሰው ያስጠይቃል። ግን የውጭ በሩን እኔ እየጠበቅሁት የመኝታ ቤቱ በር ለምን ይቆለፋል?

አንድ ሀጂ ነበሩ፣ ድሮ ነጋዴ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ይነሱና በሩን ይደበድባሉ። “ክፈት ልጄ፣ ነገ ሰኞ ነው፣ ባቲ ገበያ ልወርድ ነው!” አስታማሚዋ “አባባ ይተኙ፣ የምን ገበያ!” ስትላቸው ይብሳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ዱላም ያነሳሉ። እኔ ከፍቼ “ሀጂ፣ ዛሬ ምን ሊጭኑ ነው?” እላቸዋለሁ። ጋቢያቸውን አልብሼ ግቢውን እንዞራለን። በርበሬ ይጭናሉ፣ ሲመለሱ ፍየል ይነዳሉ፣ ስለ ቆላው ሙቀት ያማርራሉ። ሁለት ዙር ሳንጨርስ ይደክማቸዋል። “እንግዲህ ሲነጋ እንወጣለን” ይሉና ይተኛሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆንም አያስፈልግም። ሰውዬው ምን ሠርተው እንደኖሩ የሚነግረኝ አንድ ወረቀት ግን መዝገባቸው ውስጥ አልነበረም። እኔም የሰማሁት ሊጠይቃቸው ከመጣ ዘመድ ነው። ዘመድ ሰው ሲያስገባ የልደት ዘመንና ተጠሪ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

በኋላ ሀጂ ሌሊት መነሳት ተዉ። ኪኒን ተጀመረላቸው። ቀንም ሌሊትም ያንቀላፋሉ፣ ምራቃቸው ይዝረከረካል፣ ምግብ ያንቃቸዋል። ፋርማሲ የተማረችው ልጄ ስሙን አይታ ነገረችኝ፤ ሃሎፔሪዶል ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ለዚያ ይጠቅማል። የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ግን የመሞት አደጋን እንደሚጨምር የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስጠንቅቋል። ሐኪም አስፈላጊ ነው ብሎ ለአጭር ጊዜ፣ እየተከታተለ ቢያዝ ሌላ ነገር ነው። የሰው እጥረት መሸፈኛ ሲሆን ነው ችግሩ።

ሌላም አለ ልጄ ያስተማረችኝ። ትናንት ደህና ያወራ የነበረ አረጋዊ ዛሬ በድንገት ሲቀባዥር “በሽታው ባሰበት” ተብሎ መታለፍ የለበትም። የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ጥምም ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት ሳይኖረውም ይሆናል። ሁለቱም ይታከማል። ግን ሌሊት የተፈጠረውን ለቀን ነርስ የሚነግር ማስታወሻ ደብተር ከሌለ ማን ያውቃል? እኔ የመኪና መውጫና መግቢያ የምመዘግብበት ደብተር ነበረኝ። ለሰዎቹ ግን አልነበረም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚደግፍ ይላል። አቅም የለም ቢባል ይገባኛል። እዚህ አገር በጦርነቱ ስንት ነገር እንደተዘረፈ አይተናል። ግን በሩን ከውስጥ በሚከፈት መቀርቀሪያ መለወጥ ስንት ብር ነው? ከሰሉን ከክፍል አውጥቶ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መስጠትስ? ሌሊት አንድ ሰው መጨመር ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ለለጋሾች የምጽፈው። ሰደቃም ሆነ ተዝካር ይዛችሁ ስትሄዱ፣ በሬው ይቅርና የአንድ የሌሊት አስታማሚን የዓመት ደሞዝ ቻሉ። ምሳ የሚያበላ ሞልቷል።

የሚመለከተው ቢሮም ለቁጥጥር ሲሄድ አስቀድሞ አይደውል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይምጣ። ጥበቃው ይከፍትለታል።

የቀድሞ የሌሊት ጥበቃ
ከደሴ