እማዬ፣ ለሰባር ጊዮርጊስ ክፍል ይዤልሻለሁ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። በስልክ ስናወራ ልክ ቁም ነገሩ ጋ ስንደርስ «በይ ካርድሽ አለቀ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ለጎረቤታችን ለሐጂ የልጅ ልጅ በቴሌግራም ልኬላታለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ታነብልሻለች። መነጽሬ ነው እንጂ እኔም አነበው ነበር እንደምትዪ አውቃለሁ። ይሁን፣ ለዛሬ እሷ ታንብብ። (አንቺም የኔ ቆንጆ፣ ሳትዘዪ አንብቢላት። «ይሄን እለፊው» ብትልሽ እሺ እንዳትያት።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሊበላ እንሄዳለን። በጥር፣ ለሰባር ጊዮርጊስ። ጥር 16 ገብተን ጥር 20 እንመለሳለን። ክፍሉን ይዣለሁ። ቀብዱንም በቴሌብር ልኬአለሁ። «እስቲ ያድርሰንና እናያለን» የሚለው መልስሽ በዚህ አይሠራም።

ሆቴል አይደለም። አንዲት እናት ከመኖሪያ ቤታቸው ጎን ጥቂት ክፍሎች ሠርተው የሚያከራዩት ነው። አልጋና ቁርስ ብቻ። ከዚያ እስከ ቤተ ጊዮርጊስ በእግር ቅርብ ነው፣ ከደከመሽም ባጃጅ አለ። ዋጋውን አልነግርሽም። ብነግርሽ ወዲያው በጤፍ ታሰቢዋለሽ።

ሴትዮዋን በስልክ አሰልችቻቸዋለሁ። ክፍሉ ታች ነው? ታች ነው። ደረጃ አለው? በሩ ላይ አንድ እርከን ብቻ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው? ውስጥ ነው፣ የሚቀመጡበት ነው። ውሃ ቢጠፋስ? ሮቶ አላቸው። ማታ መብራት ቢጠፋስ? በረንዳው ላይ የሶላር መብራት አለ። ክፍሉ ውስጥስ? «ባትሪ አስቀምጣለሁ» አሉ። አልጋው በየት በኩል ነው ያለው፣ ከበሩ እስከ አልጋው መሀል ላይ ጠረጴዛ ነገር አለ ወይ ስላቸው ሳቁ። «እናትሽን ነው ወይስ ጳጳስ ነው የምታመጪ?» አሉኝ። ደግሞ የደሴ ሰው መሆንሽን ስነግራቸው ተቆጡ። «ወሎዬ ወሎ ስትመጣ ነው ቀብድ የምትልኪ?» ብለው። ቀብዱን ግን አልመለሱም።

ፈረንጁ ከጠፋ በኋላ ኑሮው ከብዷቸዋል። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት። ገና ሲሆን ብቻ ቤቱ ይሞላል፣ ከዚያ ጭር ይላል። የከተማው ግማሽ በእንግዳ የሚኖር ነበር። እንዲያውም ከኛ ሌላ የያዘ ሰው የለም፣ ግቢው የራስሽ ነው።

«ለበረከት የሄደ ሰው አልጋ ተከራይቶ ይተኛል ወይ?» ትያለሽ። እናንተ ሜዳ ላይ ነው ያደራችሁት፣ አውቃለሁ። የአገሩ ሰው እግራችሁን አጥቦ ተቀብሏችኋል፣ እሱንም አውቃለሁ። እግዚአብሔር ግን አልጋ ላይ ላደረ ሰው በረከት ይከለክላል የሚል ቄስ ካገኘሽ አምጪልኝና ልከራከረው።

«ያለ ገናስ ላሊበላ ምን አለው?» ይህንንም ትያለሽ። አይፈረድብሽም፣ ስትነግሪን የኖርሽው ቤዛ ኩሉን ነው። ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ፣ ከበሮውና ጽናጽሉ፣ ቁልቁል የቤተ ማርያም ግቢ፣ የሰዉ እልልታ። ሳላየው በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን ገና ላይ መቆሚያ የለም። ሰው ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚጋፋው። አንቺ ደግሞ ፊት ለፊትሽ ያለውን እንጂ ከጎን የሚመጣውን አታዪም። አትቆጪ። ሸዋ በር ላይ «ይሄ ባጃጅ ከየት መጣ?» ያልሽው ትዝ ይልሻል? ከጎን ነው የመጣው፣ እማዬ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ለገና ከደረስን ገና ጾሙ አልወጣም። ቁርሱ ከአልጋው ጋር ተከፍሎበታል፣ አንቺ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምሺም። ያ ብር እየቆጨሽ ልታስቀድሺ ነው? በዚያ ሰሞን ግን ከረቡዕና ዓርብ በቀር ፍስክ ነው። ከቅዳሴ መልስ ቁርሱን እንዲያቆዩልን ነግሬያቸዋለሁ። የላስታ ነጭ ማር አለ ብለውኛል። በሶና ዳቦ ቆሎ መያዝሽ አይቀርም፣ ያዢ፣ አልከለክልሽም።

መንገዱን አስቤበታለሁ። በመኪና ከሆነ ወልድያ ድረስ ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የድልብ ዳገት፣ ከዚያ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ ሌላ 64 ኪሎ ሜትር። ጉልበትሽ አይችለውም። በዚያ ላይ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ሲሉ ነገ ይዘጋል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ትመጫለሽ፣ እኛ ቤት ታድሪያለሽ፣ በማግስቱ አብረን ወደ ላሊበላ እንበራለን። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከወሎ ወሎ ለመሄድ ሸዋ ድረስ መውረድ ምን የሚሉት ነው እንደምትዪ ይገባኛል። እኔም ስቄአለሁ። ግን ሌላ መላ የለም። ቅዝቃዜውና አየሩ ከደሴ ብዙ አይለይም፣ ደረትሽ አይቸገርም።

በመጀመሪያው ቀን ከመድኃኔዓለም እንጀምራለን፤ ከዚያ ማርያም፣ መስቀል፣ ደናግል፣ ደብረ ሲና ሚካኤል። ጎልጎታ ለሴት አይፈቀድም፣ በራፉ ላይ እንሳለማለን። በሁለተኛው ቀን ዮርዳኖስ ከሚሉት ቦይ ወዲያ ያሉትን፦ አማኑኤልን፣ መርቆሬዎስን፣ አባ ሊባኖስን። አባ ሊባኖስን መስቀል ክብራ ከመላእክት ጋር በአንድ ሌሊት ሠራችው ትዪን የለም? እስቲ እዚያው ቆመሽ ንገሪኝ። ጥር 18ን ሙሉ ቀን ለጊዮርጊስ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ከላይ ሆነን ጣሪያው ላይ ያለውን መስቀል እናያለን። ጠዋት አይደለም፣ ፀሐይ ወደ ጉድጓዱ ስትገባ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም። 12 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው የተፈለፈለው። ወደ ታች የሚያወርደውን መንገድ አንድ ዲያቆን ክንድሽን ይዞ ያወርድሻል፣ ተነጋግሬያለሁ። የፈረሱን ኮቴም ታሳይኛለሽ።

ከገብርኤል ወሩፋኤል ወደ መርቆሬዎስ የሚያሻግር ዋሻ አለ ይባላል። ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። ሰው ግድግዳውን እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው። እዚያ አንገባም። ካህኑ ቢለምኑሽም አንገባም። ለዚያ አይደለም የምንሄደው።

እንግዲህ ወደዚያኛው ነገር ልምጣ።

ክረምት ላይ የተመረመርሽ ቀን ሐኪሙ ያለውን ሁለታችንም ሰምተናል። ሞራ አላለም። ሞራማ ቢሆን ተገፍፎ ይለቅ ነበር። ግላኮማ ነው ያለው። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት የዓይኑን ነርቭ ይጎዳዋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው የጎን እይታ ነው፣ ለዚህ ነው «እኔ ፊት ለፊት ጥርት አድርጌ አያለሁ» የምትዪው። የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው አለን። በዘር ይሄዳል ስላለ እኔም ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነኝ። አንቺ ግን ደሴ እንደገባሽ ለሰው ሁሉ «ሞራ ነው አሉኝ» ብለሻል። ሐጂ ሳይቀሩ ደውለው «ሞራ ከሆነማ ምን ያስፈራል? ዱዓ እያረግን ነው፣ አብሽሪ» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ጠብታውን ደግሞ ጾም ሲሆን ጠዋት ጠዋት ትዘዪዋለሽ አሉ። ማን እንደነገረኝ አልናገርም። (አንቺ ልጅ፣ አይዞሽ፣ አንብቢ።) የነፍስ አባትሽን ጠይቂያቸው። ዓይን አይበላ፣ አይጠጣ። ጸበሉን አልተውሽ፣ ሂጂ። ግን ጠብታውን አድርገሽ ሂጂ። ቡና ስትቀጂ ሲኒውን ስተሽ ረከቦቱ ላይ ስታፈሺ አይቼ ዝም ያልኩት ደስ ብሎኝ አይደለም። ዳዊትሽን ስትደግሚም መስመሩ እየጠፋብሽ በቃልሽ ስትወጪው ሰምቻለሁ።

እሱን ለጊዜው እንተወው። የልጆቹን ልንገርሽ። ሚጣ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥርስ የሚጣልበት ጣሪያ ከየት ይምጣ? «አያቴ ቤት ቆርቆሮ ላይ እጥለዋለሁ» ብላ በክብሪት ቀፎ አስቀምጣዋለች። ማሙሽ ቁመቱ አባቱን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ሆኗል፣ አማርኛው ላይ ግን ተይኝ። ስልክ ላይ ተጣብቆ ይውላል። እኔ ከአንቺ ጋር ስሄድ አባታቸው አብሯቸው ይሆናል። ሽሮ መሥራት ይችላል፣ በረሃብ አይሞቱም።

ወንድሜን እንጠብቀው ብለሻል። «ለሚቀጥለው ገና እመጣለሁ ብሏል፣ ያኔ ሁላችን አብረን።» እማዬ፣ እሱ ለሚቀጥለው ገና ሲል ስንት ገና አለፈ። አልፈርድበትም። ወረቀቱ አላለቀለትም፣ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ የጠብታሽንም ብር የሚልከው እሱ ነው። ግን እኔ በዚህ በላሊበላ ነገር እሱን አንድ ጊዜ ጠብቄአለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ደረቱን ታሞ ተሳልሽለት። ሲድን ለገና ይዘሽው ሄድሽ። እኔ ነጠላዬን አጥቤ፣ ዘርግቼ፣ አጣጥፌ ጨርሻለሁ። የአይሱዙው ሾፌር ጡሩንባውን ሲነፋ «አንቺ ቤት ጠብቂ፣ ሴት ልጅ መንገድ አትችልም» አልሽኝ። ራስሽ ሴት ሆነሽ! አያቴ በር ላይ ይዛኝ ቀረች። እሷም «ታድጊያለሽ፣ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ስትመለሱ እሱ ጎልጎታ ገብቶ እንደነበር ይነግረኝ ጀመር፣ አንቺ ውጭ ቀርተሽ እሱ ከቄሱ ጋር እንደገባ። እምነቱን ግንባሩ ላይ ቀባሽው፣ ከዚያ ለጎረቤት፣ ከዚያ ለእኔ። ወረቀቱ ላይ የቀረችውን።

ከዚያ ወዲህ በየገናው ያንን ጉዞ ስትተርኩ ኖራችሁ። እኔ ቡና እያፈላሁ ሰማሁ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ደመወዝ እየበላሁ ብቻዬን መሄድ አያቅተኝም ነበር። አልሄድኩም። አንቺ እንድትወስጂኝ ነበር የምፈልገው። አሁንም ያው ነው። እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ክንድሽንም የምይዘው እኔ ነኝ፣ ግን የምትወስጂኝ አንቺ ነሽ። እዚያ ቆሜ እንድታዪኝ እፈልጋለሁ። ፊት ለፊትሽ እቆማለሁ፣ ከጎን አልመጣብሽም።

ስለዚህ እሱን አንጠብቅም። ለምን እንደማንጠብቅ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ልጅቷን እያስነበብኩ አልጽፈውም።

ላሳደግሽኝ፣ ጠላ ጠምቀሽ ላስተማርሽኝ ምስጋናዬን አንቺ ታውቂያለሽ። እሱን በአካል።

አሁን የሚቀረን ይህ ነው። መታወቂያሽ ጊዜው አልፏል፣ በእሱ አውሮፕላን አያሳፍሩሽም። በዚህ ሳምንት ቀበሌ ሄደሽ አሳድሺ። ብቻሽን አትሂጂ፣ አስፋልቱን ስትሻገሪ ልጅቷ ትያዝሽ። ዶሮዎቹን የሐጂ ቤት ሰዎች ያዩልሻል፣ ቁልፉን ለእነሱ ስጪ። ጠብታው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ይሁን። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ ማውለቅ ስላለ ማሰሪያ የሌለው፣ የማያንሸራትት ጫማ ልገዛልሽ ነው። ቁጥርሽ 38 ነው ወይስ እግርሽ ካበጠ ወዲህ 39 ሆኗል? ዛሬውኑ በልጅቷ አስልኪልኝ።

ልጅሽ